የተሸጎጠ ብረት

አማርኛ ለዕቃ ስም ሲያወጣ ጠባዩን አይቶ ነው። «ሽጉጥ» የሚለው ቃል የተወለደው «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ነው፤ ወገብ ላይ ወሸቅ አደረገ፣ ብብት ሥር ከተተ፣ ከሰው ዓይን ሰወረ ማለት ነው። ስለ አፈሙዙና ስለ ካዝናው አንዳች ሳናውቅ ስሙ ብቻ ዋናውን ነገር ይነግረናል፤ ይህ መሣሪያ የሚደበቅ ነው። «ጠመንጃ» ደግሞ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቃል ነው። ቱርኮች «ታባንጃ» ይሉታል፤ በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ለአንዳንዱ ጸሐፊ «ጠበንጃ»፣ ለብዙኃኑ «ጠመንጃ» ሆነ። የሚገርመው፣ በቱርክኛ «ታባንጃ» ማለት ዛሬ ሽጉጥ ማለት መሆኑ ነው። የእነሱ አጭር መሣሪያ ስም አገር አቋርጦ እኛ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ረዝሞ ተገኘ።

ስለ እነዚህ ሁለት ቃላት ማሰብ የጀመርሁት በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጥ በተኮስሁበት ሰሞን።

ለጠመንጃ ግን እንግዳ አልነበርሁም። በእኛ አገር ያደገ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የጠመንጃ ስም ይቆጥራል። አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ምንሽር «ማንሊኸር» ከሚባለው የአውሮፓ ጠመንጃ ስም የመጣ ነው፤ ሕዝቡ የባዕዱን ስም በአፉ አላምጦ የራሱ አድርጎታል። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር» ተባለ፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ» ሆነ፤ የቤልጅጉም «ቤልጅግ» ተብሎ ቀረ። አያቴ ያን ምንሽር እንደ ሙሽራ ያስጌጡት ነበር። ሰደፉን የፍየል ቆዳ አልብሰውታል፤ ማንገቻው ላይ ዛጎል ደርድረውበታል፤ አቧራ እንዳይገባበት አፈሙዙን በቀይ ጨርቅ ይወትፉታል። ወደ ወረታ ገበያ ሲወጡ ሰው ፊታቸውን ሳይለይ በዛጎሉ ብልጭታ ማንነታቸውን ያውቅ ነበር።

ያ ሁሉ ጌጥ ለማስፈራራት ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። ለማስታወቅም ነው። ጠመንጃ ያነገበ ሰው «መጣሁ፤ የያዝሁትም ይህ ነው» እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህም ለጠመንጃ ሥርዓት ሊበጅለት ቻለ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ከቅጥሩ ውጭ ለሰው ይሰጡታል፤ ሽምግልና ሲቀመጡ ከዛፍ ግንድ ያስደግፉታል፤ ሠርግ ሲሆን ወደ ሰማይ ያጮኹታል፤ የትልቅ ሰው ለቅሶ ሲሆንም እንዲሁ። የሚታይ ነገር «አስቀምጠው» ሊባል ይችላል። የማይታየውን ማን «አስቀምጥ» ይለዋል?

ወደ ሽጉጡ ልመለስ። ታላቅ ወንድሜ ሩዝ ነጋዴ ነው። ፎገራ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ የለመደ ሜዳ ነው፤ ወንድሜም ያልተፈለፈለውን ሩዝ ከየቀበሌው እየሰበሰበ ወረታ ላይ ያስፈለፍላል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ይልካል። አዝመራ በገባ ሰሞን ገበሬው ጥሬ ገንዘብ በዓይኑ ካላየ አንድ ኩንታል አያስነሣም። ስለዚህ ወንድሜ በእነዚያ ወራት ብር በኪሱ ይዞ መንገድ ላይ የሚመሽበት ሰው ነው። ማካሮቭ ለመግዛት ያሰበውም በዚህ ምክንያት ነበር። «ክላሽ አንግቤ ሩዝ ልመዝን?» አለኝ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ገና አንድ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፤ ስለዚህ ከብረቱ ይልቅ ስለ ፈቃዱ ወረቀት ሲጨነቅ ከረመ። ወረቀቱ ሲያልቅለት ደወለልኝ፤ «ና፣ አብረን እንሞክረው» አለ።

ማካሮቭ ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ ለዓለም አሮጌ ነው። ኒኮላይ ማካሮቭ የሚባል የሶቪየት መሐንዲስ ነድፎት፣ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው መሣሪያ ነው። ወደ አገራችን በብዛት የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን ያኔ የመኮንኖች ወገብ ጌጥ ነበር። ባዶውን ሲመዘን ሦስት ሩብ ኪሎ አይሞላም፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ከወንድሜ እጅ ስቀበለው የተሰማኝ የመጀመሪያ ስሜት ፍርሃትም ኩራትም አልነበረም፤ «ይኸው ነው እንዴ?» የሚል ግርምት ነበር። የአያቴን ምንሽር በልጅነቴ ሳነሣ ሁለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ግን የቡና ሙቀጫ ዘነዘና እንኳ አያህልም።

የት እንሞክረው የሚለው ነገር ግን ያሰብነውን ያህል ቀላል አልሆነም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ ያለው ሜዳ ነው። ሜዳ ስል እንደ ምጣድ የተዘረጋ ማለቴ ነው። ከተራራማ አገር የመጣ ሰው ጥይት ሲሞክር ገደል ይመርጣል፤ በፎገራ ግን ለጥይት የሚበቃ ጉብታ የለም። የማካሮቭ ጥይት ክብደቷ 6 ግራም ያህል ነው፤ ከአፈሙዙ ስትወጣ በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ትጓዛለች። አነጣጥሮ ለመምታት የሚያገለግለው እስከ 50 ሜትር ነው፤ ኢላማዋን ከሳተች ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። በዚያ ሜዳ ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ምን አለ? በአዝመራው ቃርሚያ ላይ የተሰማሩ የፎገራ ከብቶች፣ እነሱን የሚጠብቅ ልጅ፣ ሽንኩርት የምታርም ሴት፣ የሩዝ ገለባ የሚከምር ሽማግሌ አለ። ሜዳ ጥይት አያስቆምም። ያስቆማት እንደሆነ ሰው ወይም ከብት ነው።

ግማሽ ቀን ዞረን ጉማራ ወንዝ ዳር አንድ ቦታ አገኘን። በበጋ ውኃው ጎድሎ ስለሚወርድ፣ የወንዙ ግራና ቀኝ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የጥቁር አፈር ግድግዳ ይሆናል። ወደ ወንዙ ሆድ ወርደን፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ያረጀ የዘይት ጀሪካን አፈር ሞልተን አቆምን። ከላይ ማንም እንደሌለ ለማየት ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። በወዲያኛው ማዶ የመስኖ ሞተሮች ይንደቀደቃሉ። እረኞቹን «ራቁ» ብንላቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም።

ወንድሜ አቀባበለውና በጎኑ ያለችውን መጠበቂያ ወደ ላይ ገፋት፤ መዶሻው ሳይተኩስ ወደ ማረፊያው ተመለሰ። መጠበቂያዋን ወደ ታች መልሶ ሰጠኝ። 15 እርምጃ ያህል ርቄ አነጣጠርሁና ምላጩን ሳብሁ። አልሄድ አለኝ። ተበላሽቶ መሰለኝና ወደ ወንድሜ ልዞር ስል «ሳበው! አፈሙዙን እንዳታዞር!» ብሎ ጮኸ። ጠንክሬ ሳብሁ፤ መዶሻው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲነሣ ታየኝ፤ ከዚያ ጮኸ።

ድምፁ ደረቅ ነው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ስለምትበር አየሩን እንደ ጅራፍ ትሰነጥቀዋለች፤ የማካሮቭ ጥይት ግን ከድምፅ ፍጥነት በታች ናት፤ ጅራፍ የላትም። ሣንቃ በመዶሻ የተመታ ያህል ብቻ ነው። ምቱም ትከሻ ላይ ሳይሆን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ ያርፋል። ጥይቷ ጀሪካኑን ስታ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብላ ጭቃ ውስጥ ገባች። ትኩስ ቀለሃ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ከኋላዬ ወደቀ። እኔ ምንም ሳላደርግ ሽጉጡ ራሱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ የፍንዳታው ኃይል የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ገፍቶ ባዶውን ቀለሃ አውጥቷል፤ ምንጩ ሞላ ተመልሶ ሁለተኛዋን ጥይት አጉርሶታል፤ መዶሻውም እንደተነሣ ቀርቷል። ሁለተኛውን ምላጭ ስስብ፣ ገና «ልሳብ» ብዬ ሳስብ ነው የተኮሰው።

የዚያን ቀን ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የማካሮቭ የመጀመሪያው ምላጭ ረጅምና ከባድ ነው፤ ጣትህን እየተጎተተ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። ከሁለተኛው ጀምሮ ጥያቄ የለም። አጭርና ቀላል ነው። የአያቴ ምንሽር ግን ለእያንዳንዷ ጥይት በእጅ ይቀባበላል፤ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ለመሄድ ሰው እጁን ማንሣት፣ ብረቱን መሳብ፣ መግፋት አለበት። በዚያ መሐል ትንሽ ትንፋሽ አለ። ደም ሲፈላ ያች ትንፋሽ ቀላል ነገር አይደለችም። አዲሱ መሣሪያ ያሳጠረው አፈሙዙን ብቻ አይደለም፤ ያችን ትንፋሽም ነው።

እኔ አራት፣ ወንድሜ አራት ተኮስን። እኔ ጀሪካኑን አንድ ጊዜ መታሁ፤ እሱ ሁለት ጊዜ። ጥይት ውድ ስለሆነ በዚያው አበቃን። እረኞቹ ሮጠው ወርደው ቀለሃውን ለቀሙ፤ ለፉጨት ነው አሉን።

ቀጥሎ የመጣው የማስጌጡ ነገር ነው። ወንድሜ የአያቱ ልጅ ነውና ብረት እንደተገዛ አይያዝም ባይ ነው። የማካሮቭ እጀታ ኮከብ ያለበት ቡናማ ፕላስቲክ ነው፤ ከጀርባው ባለች አንዲት ብሎን ብቻ ስለሚያዝ በቀላሉ ይወልቃል። ወረታ ውስጥ ከምናውቃቸው አንድ አናጢ ዘንድ ወስደን በልኩ ከወይራ እንዲያወጡልን ጠየቅናቸው። ከእጀታው ግርጌ በግራ በኩል ለማሰሪያ የምትሆን ትንሽ ቀለበት አለች፤ ለእሷም ወንድሜ ከቆዳ የተጎነጎነ ገመድ አዘዘ። አናጢው ሦስት ቀን ቆይተው የወይራውን እጀታ አሳዩን። እውነት ለመናገር ያማረ ነበር፤ የእንጨቱ ሥር እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። «ምን ልጻፍበት?» አሉ አናጢው። ወንድሜ የአባታችንን ስም አሰበ፤ ደግሞ የሴት ልጁን ስም፤ ደግሞ መስቀል ብቻ ይሁን አለ።

እኔ በዚያ ሰዓት ትዝ ያለኝ ሌላ የተጻፈበት ሽጉጥ ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ በደብረ ታቦር መንገድ ቢጓዙ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት እሷ ናት። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። ያን ብረት በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ድረስ፣ መንገድ እያስደለደሉ፣ ሠራዊት እያስጎተቱ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ ወሰዱት። ንጉሡ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ የሞቱት በ70 ኩንታሉ ብረት አይደለም፤ በአንድ እጅ በምትያዝ ሽጉጥ ነው። ሽጉጧም ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከች ስጦታ ነበረች፤ ቆንስል ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1862 ያመጣላቸው። ንጉሡ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምስጋና ቃል ተቀርጾባት ነበር። ምስጋና የተጻፈባት ብረት የባለቤቷን ነፍስ ወሰደች። በላይዋ የተቀረጸው ቃል ምንም አላገዳትም፤ ብረት የተጻፈበትን አያነብምና።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ታሪኩን እሱም ያውቀዋል፤ ጽሑፉን ግን አልሰማም ነበር። ጥቂት ዝም አለና ወደ አናጢው ዞሮ «እንግዲያው ባዶውን ይሁን፤ የልጄን ስም እዚህ ላይ አላስቀምጥም» አላቸው። አናጢው ሳቁ፤ ሒሳብ ግን አልቀነሱም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የዕቃ ታሪክ ነው። የሰው ታሪክ የሆነው በሚያዝያ ወር ነው።

ፎገራ ላይ መሬት የሚያጣላው በጎርፍም ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲፈሱ ሜዳውን ደለል ያለብሱታል፤ ደለሉ ለሩዝ በረከት ነው፤ የወሰን ድንጋይን ግን ይቀብራል። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በኋላ ወንድሜና ከእርሻው ጋር የሚዋሰነው ጎረቤቱ ውኃ ለማቆር በሚሠሩት የአፈር ክትር ላይ አልተግባቡም ነበር። አንዱ «ሁለት ክንድ ገፋኸኝ» ይላል፤ ሌላው «ደለሉ ነው የገፋህ» ይላል። ይሁን እንጂ ቡና መጠራራቱን አልተዉም። ነገሩ ሳይከር ሦስት ሽማግሌዎች ከዋርካ ሥር ተቀመጡላቸው፤ እኔም በዚያ ሰሞን አገር ቤት ነበርሁና ከወንድሜ ጎን ተቀመጥሁ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ «በሉ ብረታችሁን አኑሩ» አሉ። ጎረቤቱ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ከዋርካው ግንድ አስደገፈ። ሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ ተመለከተ፤ በትከሻው ላይ ከጋቢ በቀር ምንም የለም። ሽማግሌው ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ወንድሜ «ቆዩኝ አባቴ» አለና ተነሣ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ማካሮቩን ከወገቡ አወጣ፤ ካዝናውን ነቅሎ ሁለቱንም ከክላሹ አጠገብ አኖረ። የወይራው እጀታ በዋርካው ጥላ ውስጥ ያበራ ነበር።

ማንም ስለ እጀታው ማማር አልተናገረም። ጎረቤቱ ሽጉጡን አየ፤ ወንድሜን አየ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤቴ ቡና ስትጠጣ ይኼ ወገብህ ላይ ነበር?» አለው። ወንድሜ «ለሌባ ነው የያዝሁት፤ ለአንተ አይደለም» ብሎ መለሰ። «እኔ ክላሼን ግድግዳው ላይ ስሰቅል ታየኝ ነበር» አለ ሰውየው፤ «እኔ ግን የማየው ነገር አልነበረም።»

ከወሰኑ ይልቅ ያች ቃል ሽምግልናውን ረጅም አደረገችው። ስለ ሁለት ክንድ መሬት የተጀመረው ወግ ስለ ሁለት ወር ቡና ሆነ። ወንድሜ በሕግ ፊት ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ወረቀቱ በኪሱ ነው። ሽማግሌዎቹም ሕግ አልጠቀሱለትም። ታላቁ ሽማግሌ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ጠላቱን ሲፈራ መሣሪያ ይይዛል፤ ወዳጁ ደግሞ መያዙን ካላወቀ ጠላት መሆኑን ይጠረጥራል። በስተመጨረሻ ወሰኑ በገመድ ተለክቶ፣ በደለሉ ላይ አዲስ ድንጋይ ተተክሎ፣ ሁለቱ ተሳሳሙ። ሰውየው ግን ሲስመው እጁ የወንድሜን ወገብ ሲርቅ አይቻለሁ።

በማግሥቱ ወንድሜ ወረታ ካሉት የቆዳ ሠራተኞች አንዱ ዘንድ ሄዶ አዲስ ማኅደር አሠራ። ከላይ፣ ከካፖርቱ ውጭ፣ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል፤ ክዳን ያለው፤ ከቀይ ቆዳ የተሰፋ። ባለሙያው «ይኼማ ከሩቅ ይታያል፤ ከውስጥ የሚታጠቅ ብሠራልዎ አይሻልም?» ብሎ ጠየቀው። «እንዲታይ ነው የፈለግሁት» አለ ወንድሜ። ብዙ ሰው ሽጉጥን የሚያሻሽለው ቶሎ እንዲወጣ፣ እንዳይታይ፣ እንዳይከብድ ነው። ወንድሜ ገንዘብ ከፍሎ የእሱን እንዲዘገይና እንዲታይ አደረገው። ለሌባ እንደሆነ ሌባም አይቶት ይራቅ አለ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ዛጎል ይጨምሩበት ነበር ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ በኋላ አገሩ ብዙ ነገር አየ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ጦርነት ሲነሣ፣ በሜዳው ላይ የሚሰማ የተኩስ ድምፅ ትርጉሙ ተለወጠ። ቀድሞ ተኩስ ሲሰማ ሰው ከቤቱ ወጥቶ «የማን ሠርግ ነው?» ይል ነበር። በጦርነቱ ወራት ግን ድምፅ ሲሰማ በር መዝጋትና ልጅ መቁጠር ተለመደ። ብረት ያነገበም የሸጎጠም በዝቶ፣ አንዱ አንዱን «አኑር» የሚልበት ዋርካ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል በየስልኩ እየደወልሁ ሰማሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ወይራ እጀታና ስለ ቀይ ማኅደር መጻፍ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ትልቁን ነገር የምረዳው በትንሹ በኩል ነው። ከዚያ የመጀመሪያ ተኩስ በእጄ ላይ የቀረው የመዶሻው ድምፅ አይደለም፤ የሁለተኛው ምላጭ ቅለት ነው።

እስከዚያ ክረምት ድረስ ወደ አገር ቤት በሄድሁ ቁጥር የሁለቱን ጎረቤታሞች ቡና ጠጥቻለሁ። ክላሹ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ቀዩ ማኅደር ከነሽጉጡ መደቡ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ካዝናው ወልቆ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜያት ሰውየው አቦል እስኪቀዳ ድረስ ዓይኑን ከማኅደሩ ላይ አያነሣም ነበር። በኋላ በኋላ መርሳት ጀመረ። በሽማግሌዎች የተተከለችውም ድንጋይ ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል ይለብሳታል፤ ውኃው ሲጎድል ሁለቱ ወርደው አብረው ይጠርጓታል።